ያልተሟሸ ፍሬን፦ የኮሮላ የፊት ሸራና ዲስክ ከ9 ወርና ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ

የፍሬን ሸራ በገባ በሳምንቱ «ምርጥ ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ መፍረድ ትርጉም የለውም። አዲስ ሸራ ከጎማው ጋር በሚዞረው አዲስ ዲስክ ላይ ለጥቂት ቀን ደህና መያዙ አይቀርም። ዕቃውም አገጣጠሙም የሚፈተኑት 5 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደረስ ነው፤ መሪ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነውና።

እዚህ የሚገመገመው ሴራሚክ ሸራና ዝገት መከላከያ የተቀባ፣ አየር ማስገቢያ ያለው ዲስክ ነው። የገባው በጥቅምት፣ 2004 ሞዴል ኦቶማቲክ ኮሮላ ላይ፣ ከፊት ብቻ ነው፤ የኋላዋ ፍሬን በዲስክ ፈንታ ከበሮ መሰል ታምቡር ነው። መኪናዋ በአብዛኛው የምትነዳው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ ትወጣለች። የአምራቹን ስም መጥቀሱ ብዙ አይጠቅምም፤ በአንድ ስም ኦሪጅናሉም ተመሳስሎ የተሠራውም ይሸጣል። ከካርቶኑ ይልቅ ዕቃውን ማየት ይበልጣል። የሸራው ቁጥር በብረቱ ጀርባ ላይ መታተም አለበት እንጂ ስቲከር ብቻ አይበቃም። አራቱም ሸራዎች እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል፤ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ጠርዝ ላይም ስንጥቅ ሊኖር አይገባም። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው የውፍረት መጠን ተቀርጾ ካልተገኘ አለመግዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ቢጋገርበት ይይዛል፤ ፍሬንም እንዲሁ መሟሸት አለበት። ሸራ ዲስክን የሚይዘው በመፋቅ ብቻ አይደለም። ሲሞቅ ከራሱ ላይ ስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ ያሻግራል፤ ከዚያ በኋላ ሸራው የሚይዘው ያንን ሽፋን ነው። በተለይ ሴራሚክ ሸራ በዚህ ሽፋን ላይ በእጅጉ ይመካል። ሽፋኑ ዙሪያውን እኩል ከተቀባ ፍሬኑ ለስላሳና ጠንካራ ይሆናል። አንድ ቦታ ከወፈረ ግን በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ልዩነት እንኳ መሪው ላይ ይሰማል። «ዲስኩ ጠመመ» የሚባለው አብዛኛው ችግር ይኼ ነው፤ ዲስኩ አልጠመመም፣ ውፍረቱ ነው እኩል ያልሆነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያለ ዝገት ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ ቅንጣት ዝገት ከቀረ ዲስኩ ሲዞር ይወላገዳል። ለዚህች መኪና የሚፈቀደው ውልግድና 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከወረቀት ያነሰ። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ነገር ግን ዲስኩ በዞረ ቁጥር፣ ፍሬን ሳይያዝም፣ ያው አንድ ቦታ ሸራውን እየነካ ይሄዳል። በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ቦታው ይሳሳል ወይም ሽፋን ያጠራቅማል። ከአራት ወር በኋላ ሸራው ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን በገጠማው ቀን የተፈጸመ ነው።

ስለዚህ አሮጌው ዲስክ ከወለቀ በኋላ ሞዞው በሽቦ ብሩሽ፣ በተለይ በቡሎኖቹ ሥር፣ ብረቱ እስኪያበራ መጽዳት አለበት። ይህ ለአንድ ጎማ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚዘለለውም ይኼው ነው። ባለቤቱ ቆሞ ቢያስጸዳ ያዋጣዋል። አዲሱን ዲስክ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ወይም በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ነው። በቤንዚን መጥረግ የተለመደ ቢሆንም ቅባት ትቶ ስለሚያልፍ ለዚህ አይሆንም።

ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ካሊፐር የሚይዙት ሁለቱ ባለ 14 ቁጥር ቡሎኖች ሲፈቱ ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው መንጠልጠል የለበትም፤ በሽቦ ከስፕሪንጉ ጋር ይታሰር። ሸራውን የሚገፋው የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ኋላ ከመገፋቱ በፊት ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ትንሽ በሲሪንጅ ይቀዳ፤ አለበለዚያ ሞልቶ ይፈስና ቀለም ይልጣል። የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒኖች በሲሊኮን ቅባት ብቻ ይቀቡ። ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ ፒኑ ይነክሳል፤ አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ ሆኖ ይገኛል። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ፣ መኪናዋ ከቦታዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ መኪናዋም አትቆምም።

ማሟሻው ባዶ፣ ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል። የአዳማ ፈጣን መንገድ ለዚህ አይሆንም፤ ከኋላ በፍጥነት የሚመጣ ሰው ፊት እየደጋገሙ ፍጥነት መቀነስ አደጋ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ የሚወስደው መንገድ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተስማሚ ነው።

ለ10 ኪሎ ሜትር ያህል ቀለል እያደረጉ መያዝ ይቀድማል፤ ዲስኩ ላይ የተቀባው ግራጫ ቀለም የሚፋቀው በዚያ ነው። ከዚያ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ መካከለኛ በሆነ ርግጫ፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሳይነሳ፣ 10 ጊዜ ዝቅ ማድረግ ነው። በየመካከሉ 30 ሴኮንድ ያህል በ60 እየተነዳ ዲስኩ አየር ያግኝ። ሙሉ በሙሉ መቆም ክልክል ነው፤ የጋለ ሸራ ቆሞ በያዘበት ቦታ የራሱን ቅርጽ አትሞ ይቀራል። ወደ መጨረሻ ላይ 4 ወይም 5 ጊዜ ከ80 ወደ 20 ጠንከር አድርጎ መያዝ ይጨመራል። አምራቹ በካርቶኑ ውስጥ ሌላ አሠራር ካስቀመጠ የሱ ይቅደም፤ አንዳንዶቹ ለምሳሌ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት 30 ጊዜ፣ በየመካከሉ 30 ሴኮንድ ይላሉ። የተቃጠለ ነገር ሽታና ትንሽ ጭስ ያለ ነው፤ ሸራው ውስጥ ያለው ሙጫ ሲጋል የሚያወጣው ነው። ፔዳሉ እንዳለ ሆኖ መያዙ ቢዳከም ግን ማሟሻውን አቋርጦ ፍሬን ሳይነኩ መንዳት ይገባል፤ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው።

ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳይነኩ በቀስታ ተነድቶ ይቀዝቅዝ። እዚህ ላይ የሱሉልታ መንገድ አንድ ወጥመድ አለው፤ ወደ ከተማ መመለሻው የእንጦጦ ቁልቁለት ነው። የጋለውን ፍሬን ይዞ ወዲያው መውረድ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል፤ ዲስኩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ መመለስ የለም። መቆም ግድ ከሆነ በእጅ ፍሬን ይያዝና እግር ከፔዳሉ ይነሳ፤ የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ታምቡር ስለሆነ የፊቱን ዲስክ አይነካውም። በትክክል የተሟሸ ዲስክ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ግራጫ መልክ አለው፤ ጥቁር ጠቃጠቆ ወይም የሸራ ቅርጽ ያለው ጥላ ከታየ ማሟሻው እንደገና ይሠራ።

ወራቱ እንዲህ ሄዱ። በመጀመሪያው ወር ጠዋት ወደ ኋላ ሲነዳ ቀጭን ጩኸት ነበረ፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በኋላ ጠፋ። ቸርኬው ላይ የሚያርፈው አቧራ ቀድሞ ከነበረው ብረት የበዛበት ሸራ በግልጽ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል በብርድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ርግጫዎች ለስለስ ይላሉ፤ የሴራሚክ ጠባይ ነው፤ ርቀት ጠብቆ መንዳት ይጠይቃል። በክረምቱ ሌሊት ዝናብ ያደረበት ዲስክ ፊቱ ቢዝግም ሁለትና ሦስት ርግጫ ያጸዳዋል። ቀለሙ መሐሉንና ጠርዙን እስካሁን ከዝገት ጠብቋል፤ ከዲስኩ ጥሩ ጎኖች ትልቁ ይህ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ መኪናዋን እየያዘ፣ ፍሬኑ ጠንከር እየተደረገ ተይዞ ወዲያው እየተለቀቀ ወርዷል፤ መያዙ አልቀነሰም። እንዲህ ላለ መንገድ የሸራው ጥራት ብቻ አይበቃም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ዶት 3 የተባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከሳበ በኋላ መስፈርቱ 140 ላይ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ሁለት ዓመት ያለፈው ዘይት ሸራው ሲቀየር አብሮ ይቀየር።

አንድ ጊዜ፣ በ8 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ90 በላይ ሲያዝ መሪው ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎማ በተጠገነ በማግስቱ ነበር። ጎሚስታ ቤት የጎማው ማሰሪያ ዳዶዎች በአየር መፍቻ አንዱ እጅግ ጠብቆ፣ ሌላው ላልቶ ታስረዋል፤ ያልተመጣጠነ ማሰር ዲስኩን ያወላግደዋል። ዳዶዎቹ ተላልተው፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ በ103 ኒውተን ሜትር እኩል ሲታሰሩና ማሟሻው አንድ ጊዜ ሲደገም ንዝረቱ ጠፋ። ቀደም ብሎ ስለተደረሰበት ነው፤ በዚያው ሁኔታ ብዙ ቢነዳ ኖሮ ዲስኩ ቶርኖ ቤት መግባቱ አይቀርም ነበር። መሪ ሳይሆን ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ታምቡሩ ይታይ።

በሐምሌ ሲለካ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ሸራ ከውስጥ 9.4፣ ከውጭ 9.7 ሆኗል፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ይህ በሺህ ኪሎ ሜትር 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቢቀየር ገና 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከውስጥ ትንሽ በልጦ ማለቁ የተለመደ ነው፤ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን ፒኖቹ ወጥተው ተጸድተው እንደገና ይቀቡ።