ከመንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን አትግዙ

አዳማ ውስጥ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የምትነዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ባለፈው ሳምንት የማደያው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲለኝ፣ ወደ ሶደሬ መውጫው ላይ ከአንድ ልጅ አምስት ሊትር ገዛሁ። ከማደያው ዋጋ በላይ ከፍዬ፣ ያውም ተለማምጬ። ቀለሙ ምንም አይልም። ሽታውም የቤንዚን ነው። ግን ፍራንኮ ሳልደርስ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አልነሳ አለ። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ፤ ጫፉ ጥላሸት ለብሶ የድስት ቂጥ መስሏል። «ነጭ ጋዝ አጠጥተኸዋል» አለኝ።

ቤንዚን ላይ ነጭ ጋዝ ሲቀላቀልበት በዓይን አይለይም። ሁለቱም ከአንድ ድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነታቸው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ የቤንዚን ሞለኪውል ባብዛኛው ከ4 እስከ 12 ካርቦን ይይዛል፣ የነጭ ጋዝ ከ10 እስከ 16 ገደማ። ስለዚህ እንደ ውሃና ዘይት አይለያዩም። ብታሳድሩት አይዘቅጥም፣ በጨርቅ ብታጠሩትም ያው ነው። ረጅሙ ሰንሰለት ግን ቶሎ አይተንም፤ ሳይተን ሲሊንደር ውስጥ የገባው በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆናል፣ ከፊሉም በፒስተኑ ጎን ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። ኦክቴኑም፣ ማለትም ነዳጁ በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ፣ ይወርዳል። ያኔ ነዳጁ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በግፊትና በሙቀት ብቻ በራሱ ይፈነዳል፣ ኳ ኳ የሚለው እሱ ነው። ፒስተን የሚበላውም እሱ ነው።

የግድ መግዛት ካለባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ፣ እሳትና ሲጋራ ከሌለበት ቦታ። ንጹህ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባት የነካው የሚመስል እድፍ ይተዋል። ሻጩ ሙከራውን ከከለከላችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ከሞተሩ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የተረፈው ድብልቅ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፣ ነጭ ጋዝ ግን 38 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አያወጣም። ድብልቁን ኩራዝ ወይም የነጭ ጋዝ ምድጃ ውስጥ መጨመር ቤት ማቃጠል ነው። ጎረቤቴ እትዬ «ከምትደፋው ለምድጃዬ ስጠኝ» ብለውኝ ነበር፤ እያዘኑብኝም ቢሆን እምቢ አልኳቸው።