የወጥ ቤት ሚዛንና የካሎሪ አፕ፦ ከወራት በኋላ ሚዛኑ ይቀመጥ፣ አፑ ይቅርብኝ

አስቀድሜ ልናገር፤ ሚዛኑ አልተበላሸም። እስከ 5 ኪሎ ይችላል። ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር አስቀምጬበት ፈትኜዋለሁ፤ ከነላስቲኩ 1004 ግራም አለ። መስታወቱ ላይ ወጥ ቢንጠባጠብበት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ለዕቃው ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ አምስቱንም እሰጣለሁ።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ሚዛን ስልኬ ላይ ካለው የካሎሪ መቁጠሪያ አፕ ጋር ተባብሮ ምግብ እንዳይጥመኝ አደረገኝ። መብላት አቃተኝ እያልኩ አይደለም። እበላለሁ። ይርበኛልም። ግን ሽሮው ሽሮ ሽሮ አይለኝም። ሳህኑ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ቁጥሩ ቀድሞ ይመጣል።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ ሚዛን ምን አጠፋ? ያልተመቸህ አንተ ነህ» ይለኛል። እሺ። ግን በቴሌግራም ቻናልህ ላይ «ሕይወት የሚቀይር» ብለህ የለጠፍከው አንተው አይደለህም እንዴ? ቀየረው እኮ!

የገዛሁት ለጤና ነው። ሐኪሙ የደም ግፊትህ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሆድህን ቀንስ አለኝ። ሚዛኑ በሞተር ቤቴ ድረስ መጣ፤ ዋጋው ከሁለት ክትፎ አይበልጥም። አፑን ደግሞ በነጻ ጀመርኩና ማስታወቂያው ሲያሰለቸኝ አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ የዓመት ከፈለችልኝ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ 16 ካሎሪ። እኔ ለአንድ ሻይ ሦስት ማንኪያ እጨምራለሁ፣ በቀን አራት ሻይ እጠጣለሁ። ወደ 190 ካሎሪ በሻይ ብቻ! ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ አወረድኩት፤ እስካሁንም እዚያው ላይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ጣጣ የተረፈኝ ይሄ ነው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ አሁን ደስ የሚል ግምገማ ታነቡ ነበር።

ጣጣው የጀመረው ከእንጀራ ነው።

አፑ ውስጥ እንጀራ ብላችሁ ስትፈልጉ ብዙ መልስ ይመጣል። ማንም ሰው ገብቶ የመሰለውን ይጽፋላ! አንዱ ጋ አንድ እንጀራ 90 ካሎሪ ነው፣ ሌላው ጋ 380። የትኛው እንጀራ? የማን ቤት እንጀራ? በግራም ልሥራው ብዬ ሚዛኑ ላይ አጥፌ አስቀመጥኩት። አንዱ 300 ሆነ፣ ከዚያው ምጣድ የወጣው ሌላው 360። ሊጡ ቀጠን ሲል ሌላ፣ ወፈር ሲል ሌላ። እንጀራ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። አድሮ ሲደርቅ ግራሙ ይቀንሳል፣ ካሎሪው ግን የትም አልሄደም። ታዲያ የትኛውን ልጻፍ፣ የትናንቱን ወይስ የዛሬውን? ጤፉስ ንጹህ ነው ወይስ ሩዝ ገብቶበታል? እንጀራ የምንገዛትን ሴትዮ ጠየቅኳት። «ንጹህ ማኛ ነው» አለችኝ። ምን ትበል?

በነገራችን ላይ የእኛ ምግብ ቁጥር ያልወጣለት እንዳይመስላችሁ። ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል፤ ከዚያ በኋላም ተጨማሪ ክፍሎች ወጥተዋል። አፑ ግን መኖሩን የሰማ አይመስልም። ቺዝበርገሩን በየሱቁ ለይቶ ያውቃል። ሱፍ ፍትፍት ስትሉት «ምናልባት ይህን ፈልገው ይሆን?» ብሎ የሱፍ ዘይት ያመጣላችኋል።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ግምት ናቸው። ለፕሮቲንና ለካርቦሃይድሬት በግራም 4፣ ለስብ 9 ካሎሪ የሚለው ሒሳብ ዊልበር አትዋተር ከሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት የመጣ ነው፤ ሥራውን የሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። አማካይ ነው እንጂ የእናንተን ሆድ አይቶ የወጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የታሸገ ምግብ ላይ ከተጻፈው ካሎሪ እውነተኛው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ያ ሁሉ ልዩነት እያለ እኔ ሚዛኑ 203 ሲል 200 ላይ ለማውረድ ከሳህኑ ላይ ሽንኩርት በጣቴ እየለቀምኩ አወጣ ነበር።

ከዚያ ቀስ በቀስ የምበላው ነገር ራሱ ተቀየረ። ሻጮች የማይነግሯችሁ ይሄንን ነው። ባርኮድ ያለው ነገር ለአፑ ቀላል ነው። ብስኩቱን በካሜራ ታሳዩታላችሁ፣ ቲክ ይላል፣ አለቀ። ፓስታ ቲክ፣ ቱና ቲክ። ምስር ወጥ ግን ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ ምስሩን፣ በርበሬውን ለየብቻ መመዝገብ፣ ከዚያ የድስቱን ክብደት ቀንሶ ለጭልፋ ማካፈል ነው። ደክሞት ከሥራ የገባ ሰው የቱን ይመርጣል? እኔን ብስኩት ብላ ብላ አለኝ። ሆዴን ቀንስ የተባልኩ ሰውዬ የእናቴን ዓይነት ምስር ትቼ በላስቲክ የታሸገ ነገር እበላ ጀመር። አፑ ደግሞ «ጎበዝ፣ ዕቅድዎን ጠብቀዋል» እያለ በአረንጓዴ ይጽፍልኛል።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ዘይት ለመለካት አንድ ዘዴ አለ። ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጡና ዜሮ ታደርጉታላችሁ። ዘይቱን ድስቱ ውስጥ ጨምራችሁ ጠርሙሱን ስትመልሱት የጎደለውን በመቀነስ ምልክት ያሳያችኋል። ጎበዝ ዘዴ ነው። ባለቤቴ ግን ዘይት የምትጨምረው በዓይኗ ነው። ቁሌቱ ላይ ጠብ ጠብ ስታደርግ እኔ ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብዬ ሚዛኑ ላይ። ትንሽ ትጨምራለች፣ እኔ እንደገና ሚዛኑ ላይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ መሆኑን ሦስቴ ሳልነግራት አልቀረሁም። ማማሰያውን ድስቱ ላይ ጣል አድርጋ «ለአንተ ነው ወይስ ለሚዛኑ ነው የምሠራው?» አለችኝ። በዚህ መሃል ሽንኩርቱ አረረ። ሚዛኑም ሁለት ደቂቃ ካልነኩት በራሱ ስለሚጠፋ ቁጥሩም ጠፋ።

መሥሪያ ቤትም እንደዚያው። በጾም ሰሞን አራት ሆነን አንድ ትልቅ በየዓይነቱ ነበር የምናዝዘው። ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ መሃሉ ላይ ሽሮ። ከአንድ ትሪ ላይ ስትበላ የአንተን ድርሻ በምን ታውቀዋለህ? አታውቀውም። ስለዚህ ለብቻዬ ማዘዝ ጀመርኩ። ሰዎቹ መጀመሪያ ጨጓራዬን ያመመኝ መስሏቸው አዘኑልኝ። በኋላ ነገሩ ሲገባቸው ቀልዱን አትጠይቁኝ። እኔ እዚያ ጥግ ላይ እየመዘገብኩ፣ እነሱ እዚህ እየተጎራረሱ።

አፑ ቁመትና ክብደቴን ጠይቆ «በፍጥነት መቀነስ» የሚለውን ስመርጥ በቀን 1500 ካሎሪ ነበር የፈቀደልኝ። ስለዚህ ቁጥር ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ በ36 ፈቃደኛ ወንዶች ላይ የረሃብ ጥናት አድርጎ ነበር። ጥናቱ የጦርነት ተጎጂዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነው። ሰዎቹ ለስድስት ወር ያህል በቀን በአማካይ 1570 ካሎሪ ገደማ ይሰጣቸው ነበር። ከእኔ ይበልጣል! እርግጥ እነሱ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱ ይደረግ ነበር፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ቢሆንም የሆኑት ነገር ይገርማል። ከምግብ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ ያነቡ፣ ሳህን ይልሱ ነበር። እነሱ ቢያንስ ምግብ አማራቸው። እኔ ቅጽ እየሞላሁ ማማሩም ቀረብኝ።

ቁርጡ የለየለት ግን ፋሲካ ዕለት ነው።

55 ቀን ጾሜ፣ እናቴ ቤት፣ ዶሮው ሌሊቱን ቀርቦ። የእናቴን ዶሮ ወጥ ለማታውቁት አዝናለሁ። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ጀምሮ የተቁላላ፣ ቅቤው ከላይ ቀይ ሆኖ የተንሳፈፈ። እንቁላሉን በጣቶቿ ፈርከስ አድርጋ፣ ከመረቁ አጥቅሳ፣ አይብ ጨምራ ጠቀለለችው። ቅቤው በመዳፏ በኩል ወደ አንጓዋ ይወርዳል። «እንካ፣ በሞቴ!» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ።

እና ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እንቁላሉ 75፣ እሱ ይታወቃል። ቅቤው ግን ስንት ግራም ይሆን? አይቡስ? አፌ ያኝካል፣ ጭንቅላቴ ይደምራል። ገና ሳልውጥ «አንድ ያጣላል» ብላ ደገመችኝ። እኔ ደግሞ እጥፍ አደረግኩት፤ ሒሳቡን ማለቴ ነው። ፊቴን አይታ «ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ አልጣፈጠም?»

ጣፍጧል አልኳት። ግን አላውቅም ነበር። ጎረስኩት እንጂ አልቀመስኩትም። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅኩትን ምግብ ማለት ነው። ማታ ቤት ስገባ ስልኬ «እራትዎን አልመዘገቡም» ይለኛል። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አፑን አጠፋሁት።

አሁን «ታዲያ ክብደት አልቀነስክም?» የሚል አይጠፋም። ቀንሻለሁ። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበስቻለሁ። የደም ግፊቴም ወርዷል። ግን ስኳሩን መቀነሴ ነው፣ ማታ ማታ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ መሄዴ ነው ወይስ ሽንኩርት መልቀሜ? ሻጩ «ሚዛኑ ነው» ይላል። እኔ ስኳሩና እግሬ ናቸው እላለሁ። ይፈርድልን ዘንድ ማንንም አልጠራም፤ ግምገማው የእኔ ነው።

መቁጠሩን መተው የማይሆንለት ሰው አለ፣ እሱን አልነካም። ስኳር ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን መቁጠር ግዴታው ሊሆን ይችላል። እሱ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር እንጂ የእኔን ብሶት ሰምቶ እንዳይተው። እኔ የምናገረው እንደ እኔ ሆዱን ትንሽ ቀንስ ለተባለ ሰው ነው።

አፑ ከጠፋ በኋላ ጣዕሙ በአንድ ቀን የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም። አሁንም ቅንጬ ሳይ ቁጥር ይመጣብኛል። አቮካዶ ሳይ ቁጥር። ትንሽ ትንሽ ግን እየለቀቀኝ ነው። ባለፈው ዓርብ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ወደ ትሪው ተመለስኩና ሽሮው ላይ ቃሪያ ስንነክስ ቆይተን፣ ስንት እንደበላሁ ሳላውቅ እጄን ታጠብኩ። በጣም ነው የጠገብኩት።

ሚዛኑን ግን አልሸጠውም። ባለቤቴ ለድፎ ዳቦ ዱቄቱንና እርሾውን ትለካበታለች፣ ለዚያ ዓይነት ሥራ አንደኛ ነው። ለመግዛት ያሰበ ካለ ሁለት ነገር ይይ። የእኔ ሚዛን የሚሠራው በጠፍጣፋ ባትሪ ነው፤ ሰፈር ሱቅ አይገኝም፣ በሪሞት ባትሪ የሚሠራውን ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ቶሎ በራሱ የማይጠፋ ወይም ማጥፊያውን ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ጠይቁ። ሊጥ እየጨመራችሁ መሃል ላይ ሲጠፋ ዜሮው አብሮ ነው የሚጠፋው።

አፑን የጫናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከስልክ ላይ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ስልኩ ላይ አፕ የምታወርዱበት መደብር ውስጥ ገብታችሁ፣ የደንበኝነት ክፍያ የሚለውን ፈልጋችሁ ለብቻው መሰረዝ አለባችሁ። ያለዚያ ዓመቱ ሲሞላ ራሱ ይቆርጣል። እኔ በማግስቱ ሰርዤዋለሁ፣ የእህቴንም ካርድ ከስልኬ ላይ አንስቼላታለሁ።