በደሴና በኮምቦልቻ ሎጎ ለምታሠሩ ሁሉ፦ ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉን አስከፍታችሁ እዩ

ለባንድ፣ ለሱቅ ወይም ለማኅበር ሎጎ ለማሠራት ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህንን እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። እኔና አራት ጓደኞቼ ደሴ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የባህል ሙዚቃ ቡድን እንጫወታለን። ከሠርግና ከምረቃ በዓል በምናገኘው ገቢ አጠራቅመን፣ 6,000 ብር ከፍለን ያሠራነው ሎጎ ዛሬ ለምንም ልናውለው የማንችል ሥዕል ሆኖ በስልካችን ውስጥ ተቀምጧል። የሠራልንን ድርጅት በስም አልጠራም። አቤቱታችን ገና በመታየት ላይ ነው፤ ደግሞም ተመሳሳይ ነገር በሌላ ቦታ የደረሰባቸው ሰዎች ስላጋጠሙኝ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁት ይበልጥ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን የሰጠነው ኅዳር ላይ ነው። የጥር ሠርግ ከመድረሱ በፊት በባነር፣ በቲሸርትና በቴሌግራም ቻናላችን ላይ የምናደርገው ምልክት ስላስፈለገን ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የግራፊክስ ቤት ሄድን። የምንፈልገውንም በቃል ብቻ ሳንነግር በወረቀት ሥለን አሳየን፦ መሐል ላይ ክራር፣ ከጀርባው የጦሳ ተራራ፣ ከሥሩ የቡድናችን ስም በግዕዝ ፊደል። አምባሰልና ባቲ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ ናቸው፤ ስማቸውም የወሎ አገሮች ስም ነው። እኛም የወሎ ልጆች መሆናችን ምልክታችንን ላየ ሰው ሁሉ እንዲታወቅ ፈልገን ነበር። ባለሙያው በጥሞና አዳምጦ በአምስት ቀን እንደሚያደርስልን ነገረንና 4,000 ብር ቀብድ ተቀበለን። ደረሰኝ ስንጠይቀው «ሥራው ሲያልቅ በአንድ ላይ እቆርጥላችኋለሁ» አለን፤ እኛም አመንነው። ምን ዓይነት ፋይል እንደሚያስረክበን፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚቀበል፣ የሥራው ባለቤት ማን እንደሚሆን የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

በአምስተኛው ቀን ሥራው በቴሌግራም መጣ። በስልክ ሲያዩት ያምር ነበርና ቀሪውን 2,000 ብር በዚያው ሰዓት በቴሌብር ላክን። ማታ ለልምምድ ስንገናኝ ግን ክራር የሚጫወተው ጓደኛችን ስልኩን ተቀብሎ ሥዕሉን አጉልቶ አየውና በጣቱ አውታሮቹን መቁጠር ጀመረ። ሰባት ነበሩ። የእኛ ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ነው ያለው፤ ሁለቱ ቋሚ እንጨቶቹም ከገበቴው ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ ላይኛው አግዳሚ እንጨት ይዘልቃሉ። በሥዕሉ ላይ ያሉት ግን እንደ በግ ቀንድ የተቆለመሙ ነበሩ፤ ይህ የጥንት ግሪኮች መሣሪያ እንጂ ክራር አይደለም። ተራራውም ቢሆን ጫፉ በረዶ የለበሰ ነበር። ጦሳን በየቀኑ እያየ የሚኖር የደሴ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሥለው አይችልም። በማግስቱ ሄደን ስንነግረው «ይህ የዲዛይን አነጋገር ነው፤ እንደ ፎቶ መምሰል የለበትም» ብሎ መለሰልን።

የባሰው የመጣው ባነሩን ለማሳተም ሃረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንሄድ ነው። የህትመት ቤቱ ባለቤት ብዙ ዘመን በሥራው ላይ የቆየች ሴት ናት። ፋይሉን በኮምፒውተሯ ከፍታ ትንሽ እንዳጎላችው የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሰነጣጠቀ። «ወንድሜ፣ ይህ ፎቶ ነው እንጂ ሎጎ አይደለም። ካተምኩላችሁ በኋላ በእኔ ነው የምታዝኑት» አለችኝና ወንበር ስባ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የሥዕሉ ስፋት 900 ፒክስል፣ ማለትም 900 ነጥብ ብቻ ነበር። እኛ ያዘዝነው ባነር ሦስት ሜትር ስለሆነ ያ ሥዕል እዚያ ላይ ሲለጠጥ እያንዳንዱ ነጥብ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ለጥሩ የወረቀት ህትመት በሚፈለገው ልክ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም ደግሞ ስፋቱ ስምንት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የጉርሻ ፖስታ ላይ ይበቃ ይሆናል፣ ለመድረክ ግን አይሆንም። እውነተኛ ሎጎ የሚሠራው ቬክተር በሚባለው መንገድ ነው። ቬክተር ነጥብ የሚደረድር ሳይሆን መስመሩንና ቅርጹን በስሌት የሚይዝ ስለሆነ፣ በእስክሪብቶ ላይም በሕንፃ ላይም ቢታተም ጠርዙ አይበላሽም። ይህም ኤአይ፣ ኢፒኤስ ወይም ኤስቪጂ በሚባል ፋይል ይቀመጣል።

ይህንን ይዤ ወደ ደሴ ተመለስሁና ቬክተሩን ጠየቅሁ። የተላከልኝ ፒዲኤፍ ነበር። በዚህ ላይ በተለይ እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ፤ እኔ የተሸወድሁት እዚህ ላይ ነውና። ፒዲኤፍ ቬክተርም ፎቶም መያዝ የሚችል እንደ ፖስታ ያለ ነገር ነው፤ ያንኑ የደበዘዘ ሥዕል በውስጡ አድርጎ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የኮምቦልቻዋ ባለሙያ ከፍታ 1,600 በመቶ ስታጎላው ያው ደረጃ፣ ያው ስንጥቅ ታየ። ፋይሉ ቬክተር ቢሆን ኖሮ የቱንም ያህል ቢጎላ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ዋናውን ፋይል ለማግኘት ተጨማሪ 3,000 ብር መክፈል እንዳለብን ተነገረኝ። ሌላ ጓደኛችን ሥዕሉን በጉግል ሌንስ የፈለገው ያን ዕለት ማታ ነው። ያ ባለ ሰባት አውታር መሣሪያ፣ ያ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ቀለሙም ሳይቀየር፣ ለማንም የሚቀርቡ ዝግጁ ናሙናዎች በሚለቀቁበት አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ተገኘ። የእኛ የነበረው ከሥሩ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ባለሙያው ዋናውን ፋይል ሊሰጠን ያልፈለገው ስለሌለው ይመስለኛል።

ናሙና መጠቀም በራሱ ወንጀል ነው አልልም፤ አንድ ሰው ናሙና መሆኑን አውቆ በ500 ብር ቢገዛው መብቱ ነው። የሚያሳዝነኝ ለእኛ ተብሎ እንደተፈጠረ አድርጎ መሸጡ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የአሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ነገር ግን ባለሙያው ራሱ ያልፈጠረውን ሥራ ባለቤትነት ለእኛ ሊያስተላልፍልን አይችልም። የንግድ ምልክት አድርገን እናስመዝግበው ብንልም አያዋጣንም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የሚመዘገብ ምልክት አንዱን ከሌላው የሚለይ መሆን አለበት፤ ያ ሥዕል ግን ነገ በሌላ ባንድ፣ በሌላ ምግብ ቤት ላይ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ሎጎ ስታሠሩ፣ ከቀብዱ በፊት በአንዲት ገጽ ወረቀትም ቢሆን ተፈራረሙ፤ የሚያስረክባችሁ ቬክተር ፋይል እንደሆነ፣ ሥራው ከናሙና ያልተወሰደ እንደሆነና መብቱ ወደ እናንተ እንደሚተላለፍ በግልጽ ይጻፍበት። ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ፤ ደረሰኙንም በዚያው ዕለት ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ረቂቅ በእርሳስ ሥሎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ራሱ የሚሠራ ባለሙያ ረቂቅ አያጣም። ስማችሁ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ ተለውጠው ይሰጧችሁ፤ አለዚያ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ስማችሁ ባዶ ሳጥን ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሊሆን ይችላል። በስክሪን ላይ የሚያበራ ወርቃማ ቀለም በህትመት ቡናማ ሊመስል ስለሚችል የህትመቱንም ቀለም ለይቶ እንዲሰጣችሁ ንገሩት። ሁሉንም በፍላሽ ተቀበሉ፤ በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳልና። ቀሪውን ክፍያ የምትከፍሉት ግን ፋይሉ ሌላ ህትመት ቤት ተከፍቶ፣ ጎልቶ፣ ከታየ በኋላ ብቻ ይሁን።

እኛ ጥርን ያለ ሎጎ አለፍን። ያች የኮምቦልቻ ሴት የቡድናችንን ስም ብቻ በደማቅ ፊደል በባነር ላይ አትማልን፣ የህትመቱን ብቻ አስከፍላን፣ በእሱ ተጫወትን። የተላላክናቸውን መልእክቶችና የቴሌብር ማረጋገጫውን ከአቤቱታችን ጋር አያይዘን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብተናል። በደሴ በዚህ ዓይነት መንገድ ሎጎ የተሸጠላችሁ ካላችሁ የክፍያ ማስረጃችሁንና የተላከላችሁን ፋይል ሳታጠፉ አስቀምጡና እናንተም አመልክቱ።