ለቤዝቦል «የታይሚንግ ስልጠና» ብር ከመላካችሁ በፊት

የድሬ ወላጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዘዋወር ማስታወቂያ አለ። ልጃችሁ በ3 ወር ጎበዝ የቤዝቦል መቺ (የሚወረወርለትን ኳስ በዱላ የሚመታ ተጫዋች) ይሆናል፣ ታይሚንጉ ይስተካከላል፣ ከዚያ የአሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ወይም የ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይጠብቀዋል ይላል። ክፍያው 9,000 ብር ነው። ሙሉው በቅድሚያ፣ በግለሰብ ቴሌብር። ደረሰኝ የለም።

የእህቴ ልጅ ተመዝግቧል። እህቴ ብሩን ያጠራቀመችው ጉሊት ተቀምጣ ነው። አሜሪካ ሳለሁ የልጆች ቡድን አሰለጥን ስለነበር ሄጄ ልምምዱን አየሁት። አቦ፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ልጆቹ ተሰልፈው ዘንግ ላይ የተቀመጠች ኳስ በየተራ ይመታሉ። ሰዓቱ የሚያልቀው በዚያ ነው። ሲተርፍ አንዲት ማሽን ኳስ ትወረውርላቸዋለች፤ ሁሌም በአንድ ፍጥነት፣ ሁሌም እዚያው ቦታ።

የዘንጉ ልምምድ በራሱ መጥፎ አይደለም። የአመታት ቅርጽን ያስተካክላል፤ ትልልቅ ተጫዋቾችም ይሠሩታል። ታይሚንግን ግን አያስተምርም፤ ኳሷ ቆማለቻ! ታይሚንግ ማለት የምትመጣን ኳስ በደረሰችበት ቅጽበት ማግኘት ነው። በአዋቂዎች ጨዋታ ከወርዋሪው እስከ መቺው 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትጨርሰዋለች። ዱላውን ማወናጨፉ ብቻ ወደ 0.15 ሰከንድ ይወስዳል። ለማየትና ለመወሰን የሚቀረው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም። ወርዋሪው ደግሞ ይህንኑ ሊያበላሽበት ነው የቆመው፤ በአንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ አንዴ ፈጣን፣ አንዴ ቀርፋፋ ኳስ ይልካል። አንድ ፍጥነት ብቻ ካላት ማሽን ጋር የሚውል ልጅ የማሽኗን ምት ይሸመድዳል። ሰው ፊት ሲቆም ይጠፋበታል።

እውነተኛው ልምምድ ብዙ ወጪ የለውም። የቴኒስ ኳስና ቀለል ያለ ዱላ ይበቃል። አንድ ትልቅ ሰው ከ5 ወይም 6 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ከታች ወደ ላይ በእርጋታ ይወረውራል፤ ፍጥነቱን ሳይናገር ይቀያይራል። ልጁ የወርዋሪው እጅ ወደ ኋላ ሲሄድ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ ያደርጋል፤ ኳሷ ስትለቀቅ በፊተኛው እግሩ ይራመዳል። አንዳንዴ ምንም ሳይመታ ኳሷን በዓይኑ ብቻ ይከተልና አጠገቡ ስትደርስ «አሁን!» ይላል። እኔ በጣም የምወደው ግን ኳሷን አንዴ መሬት አንጥሮ መላክን ነው። የሚቸኩል ልጅ መጠበቅን የሚማረው በዚያ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ የትኛውም የሳቢያን ሜዳ ላይ ይሠራል።

ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ማሽኗ የምትወረውረው እውነተኛውን ጠንካራ ኳስ ነው። ክብደቷ ከ142 እስከ 149 ግራም ነው፤ ጭንቅላት ከመታች አደጋ ነው። ከልጆቹ አንድም ሄልሜት ያደረገ አላየሁም። እባካችሁ፣ ልጃችሁ እዚያ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ።

የኦሎምፒኩ ተስፋም ባዶ ነው። በሎስ አንጀለስ ቤዝቦል የሚጫወቱት 6 ቡድኖች ብቻ ናቸው። የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝም ልጅ የሚመርጠው ሲጫወት አይቶ እንጂ የ3 ወር ሰርተፊኬት አንብቦ አይደለም።

መመዝገብ የምትፈልጉ ካላችሁ መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ልምምዱን ተመልከቱ። ኳሱን ማን ይወረውራል? ፍጥነቱ ይቀያየራል? ሄልሜት አለ? ክፍያ በየወሩ ይሁን፣ በንግድ ፈቃድ ስም በተከፈተ አካውንት ይግባ፣ ደረሰኝም ይሰጣችሁ።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ደግሞ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ። ማስታወቂያውንም ሳይሰረዝ ፎቶ አንሱት። እህቴ ሁለቱንም ይዛ ብሯ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቃለች፤ እምቢ ካሏት አቤቱታዋን ለአስተዳደሩ ንግድ ቢሮ ታስገባለች። ብዙ ወላጅ አንድ ላይ ቢያመለክት ይሻላልና አብራችኋት መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።