ባለ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሳጥን የምትገዙ፣ ቁጥሩን ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ወገኖች፣ በተለይ ፎቶና ቪዲዮ የምትሠሩ፣ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባችሁ ይህን አንብቡ።

የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። አምና እያንዳንዳቸው ባለ 4 ቴራ የሆኑ ሁለት ሃርድ ዲስክ ያሉበት ሳጥን ገዛሁ። ሻጩ «አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዝልሃል፤ ለጥ ብለህ ተኛ» አለኝ። ቤት ወስጄ ስሰካው ኮምፒውተሬ 7.27 ቴራ አሳየኝ። ሰፊ ቦታ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ችግሩ እዚያው ቁጥሩ ላይ ነበር። ሳጥኑ የተዘጋጀው ሬይድ ዜሮ በሚባለው አሠራር ነው። ሬይድ ዜሮ ፋይሉን ቆራርጦ ግማሹን አንዱ ዲስክ ላይ፣ ግማሹን ሌላው ላይ ይጽፋል። ፍጥነት አለው። ግን አንዱ ከሞተ ሌላው ላይ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። እኔ የፈለግኩት ሬይድ አንድን ነበር፤ እሱ ያንኑ ፋይል ሁለቱም ላይ ይገለብጣል።

በገዛሁት በስምንተኛው ወር ከሳጥኑ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። በማግስቱ አልከፈት አለ። ገና ያላስረከብኩት ሰርግ እዚያ ውስጥ ነበር። የሙሽራዋ አያት ቆመው ሲመርቁ የቀረጽኩት አለበት። እሳቸው ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለልጅቷ ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሱቁ በጋራንቲው ዲስኩን ቀየረልኝ፤ ባዶ ዲስክ።

ስለዚህ እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰክታችሁ እዩ። ሁለቱም ባለ 4 ቴራ ሆነው ዊንዶውስ 7.27 ካላችሁ የሁለቱን ድምር ነው የቆጠረው፤ ጥበቃ የለውም። የአንዱን ብቻ፣ 3.63 ገደማ ነው ማለት ያለበት። ከፋብሪካ በሬይድ ዜሮ የሚመጡ አሉ። መቀየር ይቻላል፤ ግን ሲቀየር በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ሳለ አስቀይሩት።

«አዲስ ነው» የተባላችሁትንም አትመኑ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። ሺዎች ካያችሁ ያገለገለ ነው፤ መልሱት።

ሬይድ አንድም ቢሆን ባክአፕ አይደለም። በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ከሁለቱም ላይ ይጠፋል፤ ቫይረስ ከቆለፈውም እንደዚያው ነው። እኔ አሁን እያንዳንዱን ቀረጻ ሌላ ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ እህቴ ቤት አስቀምጣለሁ። እዚያ እስኪደርስ የካሜራዬን ካርድ አልደመስስም።