ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ሕንፃ ላላችሁ፦ የአስቤስቶስ መርማሪዎች ጥቆማ

ሕንፃችን ውስጥ አስቤስቶስ (በአሮጌ ሕንፃ ጣሪያና መጠቅለያ ውስጥ የሚገኝ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) መኖሩን የመረመሩልንን ሁለት ባለሙያዎች ከልብ እናመሰግናለን፤ እጃቸው ይባረክ። ፒያሳ ያለው የቢሯችን ሕንፃ አሮጌ ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ ኤተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ የጣሪያ ክዳን)፣ የምድር ቤቱ የቦይለር ቧንቧም በነጭ መጠቅለያ የተጠቀለለ።

እድሳት ልንጀምር ስንል ከእነሱ በፊት ሦስት "ባለሙያዎች" መጥተው ነበር። አንዱ ከታች አንጋጦ አየና "ምንም የለበትም፣ ቀጥሉ" አለ። ሁለተኛው መሰላል ላይ ሳይወጣ የሁሉንም ማፍረሻ ዋጋ ቆረጠ። ሦስተኛው ግን ባሰ፤ የኤተርኒቱን ጠርዝ በመዶሻ ሰብሮ ቁራጩን ኪሱ ከተተ፣ የረገፈውን በደረቅ መጥረጊያ አስጠረገው! አስቤስቶስ ሳይነካ ሲቀመጥ ሳይሆን ሲሰበር፣ ሲበሳና ሲጠረግ ነው ብናኙ ሳንባ የሚገባው። በሽታው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ስለሚመጣ ያን ቀን ያሳለ ሰው የለም፤ ለዚያ ነው የሚደፍሩት።

እነዚህኞቹ ገና ሲገቡ "ሕንፃውን እንዲሁ ልትሠሩበት ነው ወይስ ልታድሱት ወይም ልታፈርሱት?" ብለው ጠየቁ። ለእድሳት ከሆነ ኮርኒሱና ግድግዳው ተከፍቶ፣ ሰው ወጥቶ ነው የሚመረመረው። ናሙና ሲወስዱ ማራገቢያ አስጠፉ፣ ከሥር ላስቲክ አነጠፉ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያግድ የፒ3 ማጣሪያ ያለው ጭንብል አጠለቁ። ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያደረጉበትን ውሃ ነፍተው ቀድሞ ከተሰነጠቀው ቦታ ጥፍር የምታክል ቆረጡ። ድርብ ከረጢት፣ ቁጥር፣ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር፣ በቃ። የማይክሮስኮፑን ነገር ለላቦራቶሪው እንተወው።

የጽዳት ሠራተኛችን መጥረጊያ ይዘው ሲመጡ አንደኛው ወርዶ "እትዬ፣ ይሄን በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁም አይታጠብም፣ ከረጢት ውስጥ ይታሰራል" አላቸው። ከዚያ ራሱ ወለወለው። ከሁሉም ይህን አንረሳውም።

ውጤቱ፦ ኮርኒሱ ነፃ፣ ጣሪያውና የቧንቧው መጠቅለያ አለበት። ግን "ሁሉን አፍርሱ" አላሉም። ኤተርኒቱ በሲሚንቶ የተያያዘ ስለሆነ ሳይበሳና ሳይረገጥ ይቆይ አሉ። የሚያስቸኩለው የቧንቧው ክርን ላይ የተቀደደው መጠቅለያ ነው፤ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈረው እሱ ነውና። ምድር ቤቱን አስቆለፉት፣ የቱ ቦታ ምን እንዳለ በመዝገብ ሰጡን። አሁን ኤሌክትሪሺያኑ ድሪል ከማንሳቱ በፊት መዝገቡን አይቶ ይፈርማል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ሁኔታው እንደገና ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ደኅንነት የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ "አላወቅንም" ማለት አያዋጣም።

ጥሩዋቸው፣ ደግመን እንላለን ጥሩዋቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር እንልካለን። ከመምጣታቸው በፊት የሕንፃውን የድሮ ፕላንና የቁም ሣጥን የሚያህሉ የተዘጉ ቦታዎችን ቁልፍ ሁሉ አዘጋጁ፤ ያልተከፈተውን ክፍል "አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠር" ብለው ነው የሚጽፉት።