አራት ኪሎ ያለችው የጠረጴዛ ቴኒስ ቤት

አራት ኪሎ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችውን የጠረጴዛ ቴኒስ ቤት ሁለት ወር ተመላልሼባታለሁ፣ በጣም ወድጃታለሁ። ጠረጴዛዎቹ ደህና ናቸው፣ መረቡም የተወጠረ ነው። ልቤን የወሰደው ግን ግድግዳው ላይ ያለው የሪዩ ሱንግ ሚን ፎቶ ነው።

ደቡብ ኮሪያዊው ሪዩ እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ቻይናዊውን ዋንግ ሃኦን 4 ለ 2 አሸንፎ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ የወንዶች ነጠላ ወርቅ ከቻይና እጅ ወጥቶ አያውቅም! ራኬቱን እንደ እስክሪብቶ ነበር የሚይዘው። ግራ ጥግ የመጣችበትን ኳስ እንኳ ሮጦ ዞሮ በቀኝ ምቱ ያጎናት ነበር፣ ስለዚህ ግማሹ ጨዋታ እግሩ ላይ ነበር። በቡድን ደግሞ በ2008 ነሐስ፣ በ2012 ብር አለው። በ2025 የአገሩ የስፖርትና ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

እኔም አያያዙን እዚሁ እየተማርኩ ነው፣ አስተማሪው ልጅ አይሰለችም፣ ጣቴን አንድ በአንድ እያነሳ ያስተካክልልኛል። ቅር ያለኝ ወለሉ ነው። ሲወለወል ያንሸራትታል፣ ለእንዲህ ዓይነት የእግር ጨዋታ ደግሞ አደገኛ ነው። እባካችሁ ምንጣፍ አንጥፉበት። ቅዳሜ ስለሚጨናነቅ በጠዋት ሂዱ።